የዓሣው ራስ

ሴፕቴምበር 9፣ ማክሰኞ

ዛሬም ቃሪያ። ከሥራ ስመለስ ደረጃው ገና ከሁለተኛ ፎቅ ጀምሮ የተጠበሰ ቃሪያ ይሸታል። የእኛ ነው፤ ሌላ የማን ይሆናል? እህቴ ዝላትካ በረንዳ ላይ ተቀምጣ፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ ትጠብሳለች ትልጣለች። አርባ ኪሎ። ለሁለት ሴት።

«እጅሽን ታጠቢና ተቀመጪ» አለችኝ። ሰላም የለ፣ እንዴት ዋልሽ የለ። ታጥቤ ተቀመጥኩ። እስኪመሽ ላጥን፣ አፈ ሰፊ ጠርሙሶቹን ሞላን፣ ዘጋን። ክዳኑ ላይ ወረቀት የምትለጥፈው እሷ ናት። ሠላሳ ስድስት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፈችበት የጂኦግራፊ አስተማሪ ጽሕፈት... «ቀይ ቃሪያ፣ ሴፕቴምበር፣ ያለ ነጭ ሽንኩርት።» ዛሬ እኔ ልጻፍ አልኳት።

«ያንቺን ማን ሊያነበው? የሐኪም ጽሕፈት ነው።»

ፋርማሲስት ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። የሐኪም ጽሕፈት የማነበው እኔ ነኝ። ክዳኑን አቀበልኳት።

ባይ ስታመን፣ የድሮ አለቃዬ (ባይ እንደ ጋሼ ነው)፣ ቀን ላይ ደውለው ነበር። አልነገርኳትም።


ሴፕቴምበር 11

እንቅልፍ አልወሰደኝም። የባይ ስታመን ነገር።

ተማሪ ሳለሁ አንድ በጋ ፔሊን በምትባል የባህር ዳርቻ ከተማ፣ መድኃኒት ቤታቸው ውስጥ ተለማምጃለሁ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለስም ቀኔ፣ የስሜ ቅዱስ በሚከበርበት ዕለት፣ ይደውላሉ፣ ሌላ ነገር የለንም። አሁን ሰባ ስምንት ሆኗቸዋል። እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

«የሚተካኝ ካልተገኘ ለአዲስ ዓመት፣ በጃንዋሪ፣ እዘጋዋለሁ» አሉኝ። «ከዚያ ወዲያ ሰው ለአንድ ፍሬ የግፊት ኪኒን አርባ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ነይና ሞክሪው። ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ቤት አለ፣ ወጥ ቤቱ ባህሩን ያያል። መልስሽን በዲሴምበር፣ ከቅዱስ ኒኮላ ቀን በኋላ ትነግሪኛለሽ።»

«ለምን እኔን?»

«ስትመዝኚ አትቸኩዪም ነበር።»

ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ብቻዬን ኖሬ አላውቅም። አንድም ቀን። ያለሁት እዚሁ ሶፊያ፣ ያደግሁበት ቤት ውስጥ ነው። ዝላትካ አግብታ ወጥታ ነበር፤ ባሏ ሲሞትባት ተመለሰች፣ በዓመቱ እናታችን አለፈች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የትኛው መስኮት እንደሚከፈት የምትወስነው ዝላትካ ናት። ምን እንደሚበላ፣ መጋረጃው መቼ እንደሚታጠብ፣ ማን ቤታችን እንደሚገባ። በቅዱስ ኒኮላ ቀን ለበዓሉ የሚጋገረው የካርፕ ዓሣ ራስ የሚሰጠው ለቤቱ አዛዥ ነው። ኒኮሊና ነኝና የስም ቀኑ የእኔ። ቅርፊቱን ስፍቅ የማመሸው እኔ። ራሱ ግን በየዓመቱ እሷ ሰሃን ላይ። ማንም ቁጭ ብሎ የወሰነው ነገር አይደለም፣ እንዲያው ሆነ።

ቅሬታ መሰለብኝ። ቅሬታ ነው።


ሴፕቴምበር 14፣ እሑድ

እንደ መድኃኒት ወረቀት ልጻፈው። ሌላ አጻጻፍ አልችልበትም።

የመድኃኒቱ ስም፦ ፔሊን። የሚታዘዘው ለሃምሳ ሰባት ዓመት ሴት፣ ጤነኛ፣ ትንሽ ግፊት ያለባት።

ጥቅሙ፦ ባህሩ። አየሩ። የራሴ ቁልፍ... (ይህን ስጽፍ እጄ ቆመ።) መስኮት ከፍቼ ብሄድ ስመለስ ተከፍቶ ማግኘት። ሥራውም። እዚህ ትልቁ ፋርማሲ ውስጥ ሰው ቁጥር ይዞ ይመጣል፣ ፊቱን ሳላየው ሄዷል። እዚያ ስሙን ይዞ ይመጣል።

የጎንዮሽ ጉዳቱ፦ የብርዱ ወራት። በበጋ የማያምር የባህር ዳርቻ የለም፣ ኖቬምበር ግን? ሆቴሉ ሁሉ ይዘጋል፣ ነፋሱ ብቻ ይቀራል። ሐኪም የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ቲያትር የለም። (ቲያትር ከገባሁ ስንት ጊዜዬ ነው? አራት ዓመት? ይሰረዝ።) ሁሉም ሰው የሁሉንም ጉዳይ ያውቃል። ጥርሴን ቢያመኝስ?

እና ዝላትካ።

ይህ በጎን የሚመጣ አይደለም። ፊት ለፊት ነው።


ሴፕቴምበር 17

ነገርኳት። የመጨረሻውን ጠርሙስ ስትዘጋ ጠብቄ። እጇ ሥራ ሲይዝ ትረጋጋለች ብዬ ነው።

«ፔሊን» አለች። ቀና አላለችም። «ሁለት ሺህ ሰው። ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ። ዝናብ ትንሽ፣ እርጥበት ብዙ። ድሮ ወደብ ነበር።»

«ካርታ መች ጠየቅኩሽ?»

«ምንድን ነው ታዲያ የጠየቅሽኝ?»

ምን ጠየቅኳት? ፈቃድ። በዚህ ዕድሜዬ።

«ልትሞክሪ ነው ልትኖሪ?»

«ልሞክር።»

«የሚሞከር ጫማ ነው። ቤት አይሞከርም።»

ከዚያ ሰሃን አጠበች። የታጠበውን መልሳ አጠበች። ልትተኛ ስትል በሩ ላይ ቆም ብላ «አረንጓዴውን ሹራብ ያዢ» አለችኝ። ተቆጥታ ነው? ፈቅዳ ነው? ይህን ያህል ዓመት አብሬያት ኖሬ አሁንም አልለየውም።


ሴፕቴምበር 28፣ እሑድ

አንድ ሻንጣ፣ አንድ ካርቶን። ዝላትካ መናኸሪያ አልመጣችም፤ «ጉልበቴን» አለች። ጉልበቷ ምንም አልሆነም። ታክሲው ሲነሳ ቀና ብዬ አየሁ፤ ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ጎንበስ ብላ፣

«ነጠላ ጫማሽን ረስተሻል።»

«ይቆይ» አልኳት።

አልረሳሁትም። ትቼው ነው። ለምን እንደተውኩት ግን... ይቆይ።


ኦክቶበር 1

የመጀመሪያ ቀን። ባይ ስታመን ቁልፉን ሰጥተውኝ ከእግር እስከ ራስ አዩኝ።

«ያኔ ትረዝሚ ነበር።»

«እኔ እንደቆምኩ ነኝ፤ እርስዎ ነዎት የጎበጡት።»

ሳቁ። መደርደሪያው እንደ ድሮው ነው፣ ሚዛኑ ራሱ አልተለወጠም። ወጥ ቤቱ ባህሩን ያያል ያሉኝ ግማሽ እውነት ነው። አብዛኛው የጎረቤት ጣሪያ ነው፤ ባህሩ ከጣሪያው በላይ አንድ ስንዝር። ግን ባህር ነው። ቁጭ ስል ይጠፋል፣ ስቆም ይመጣል። እራቴን ቆሜ በላሁ።

በሩን ቆለፍኩ። ከፈትኩ። ደግሜ ቆለፍኩ። ማን ያየኛል?


ኦክቶበር 6

ሁሉም ያየኛል።

ሌሊያ ቶዶርካ (ሌሊያ እንደ እትዬ ነው)፣ ጎረቤቴ፣ ያቺ ባህሩን የምትጋርደኝ ጣሪያ ባለቤት፣ ጠዋት በአጥር ላይ፣ «ትናንት ሁለት ዳቦ ገዛሽ አሉ። እንግዳ መጣ?»

«አንዱን ለነገ ብዬ ነው።»

«ነገም እኮ ይጋገራል» አሉኝ፣ እያዘኑልኝ።

መድኃኒት ቤትም እንዲሁ ነው። አንድ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ጆሮዬ ላይ የኪንታሮት ቅባት ጠየቀኝ። ሌሊያ ቶዶርካ ከወረፋው፣ «አንተንም ጀመረህ? ወንድምህ ጋ አለ እኮ፣ ገና አልጨረሰውም።» ሰውዬው ቀላ። እኔ ደግሞ በከተማ ሥርዓቴ መሬት ላይ ቢጫ ፕላስተር ለጠፍኩ፤ ተራ ጠባቂ ከዚህ ወዲያ ይቁም ብዬ። አሁን ሁሉም መጥቶ መስመሩ ላይ ይቆማል። ከዚያ ነጥብ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል አሉ።

የጎንዮሽ ጉዳት፣ ተረጋግጧል።


ኦክቶበር 15

የአውቶቡሱ ሹፌር ደወለ። ዴልቾ ይባላል፣ በቀን አንዴ ከሶፊያ ይመጣል። «ዕቃ አለሽ፣ መናኸሪያ ነይና ውሰጂ።»

ካርቶን። በጋዜጣ የተጠቀለሉ አራት ጠርሙሶች። ደብዳቤ ቢኖር ብዬ ጋዜጣውን ሁሉ አገላበጥኩ። የለም። «ቀይ ቃሪያ፣ ሴፕቴምበር፣ ያለ ነጭ ሽንኩርት።» ይኸው ነው።

ደወልኩላት።

«ደረሰ?»

«ደረሰ።»

«አልተሰበረም?»

«አልተሰበረም። አንቺስ እንዴት...»

«ባዶውን እንዳትጥይ። መልሺ።»


ኦክቶበር 27፣ ሰኞ

ሦስት ቀን ነፋስ። ቅዳሜ ዛፍ ወድቆ መንገዱን ዘጋ፣ ትናንት መብራት ጠፋ። ባይ ስታመን ጠዋት ካፖርታቸውን ደርበው መጡ፣ አንድ የተቀደደ ደብተር ይዘው። ማን ምን እንደሚወስድ፣ መቼ እንደሚያልቅበት፣ ሁሉ ተጽፏል።

«እነዚህ ስድስቱ ዛሬ ያልቅባቸዋል» አሉኝ። «ሊመጡ አይችሉም። እኔ ደግሞ መሄድ አልችልም።»

በፌስታል ይዤ ወጣሁ። ነፋሱ ሁለት ጊዜ ግድግዳ ላይ ለጠፈኝ። ስድስት ቤት። በአራተኛው አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ የልብ ኪኒኑን ተቀብሎ፣ «ባይ ስታመን ሞቱ እንዴ?» አለኝ። አልሞቱም ስለው «ታዲያ አንቺ ማነሽ?» አለ። ፋርማሲስቷ አልኩት። «አዲስ ናት» አላልኩም፣ «ከሶፊያ ናት» አላልኩም። ፋርማሲስቷ።

ረጥቤ ተመለስኩ፣ ደስ ብሎኛል። በሥራዬ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም ልበል? ልበል።


ኖቬምበር 2፣ እሑድ

ያለፈውን ገጽ የጻፈችውን ሴት አላውቃትም።

ትኩሳት። ጉሮሮዬን። ከአልጋዬ በላይ ግድግዳው ሻግቷል፤ የግሪክን አገር ይመስላል፣ ዝላትካ ብታየው ደሴቶቹን ትቆጥር ነበር። ማሞቂያው ይንተባተባል። ፋርማሲስት ነኝ፣ የምወስደውን አውቃለሁ፣ ወስጃለሁም። ግን አምጥቶ የሚሰጠኝ ሰው... እጅሽን ታጠቢ የሚለኝ ሰው እንኳ የለም። አለቀስኩ። ትንሽ። ምንድን ነው የምሠራው እዚህ?

ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ተንኳኳ። ሌሊያ ቶዶርካ፣ ድስት በፎጣ ጠቅልለው።

«መጋረጃሽ እስካሁን አልተከፈተም። ሞታ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው» አሉ።

«አልሞትኩም።»

«አየሁ። ብዪ፣ ዓሣ ነው፣ ትኩስ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እስክጨርስ ጠበቁ። ሻጋታውን አይተው «ይሄ በኖራ ይጠፋል፣ ልጄን እልከዋለሁ» አሉ። ከወጡ በኋላ ያንን የጥቅምና የጉዳት ወረቀቴን አወጣሁ። «ሁሉም ሰው የሁሉንም ጉዳይ ያውቃል» የሚለውን ከጎንዮሽ ጉዳት አውጥቼ ወደ ጥቅም አዛወርኩት። ጎኑ ላይ የጥያቄ ምልክት አደረግኩ።


ኖቬምበር 15፣ ቅዳሜ፣ ሶፊያ

ለአንድ ሌሊት መጣሁ። ስድስት ሰዓት ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ ስለ ዝላትካ ሳስብ። ከስታ ይሆናል። ቃሪያውን ብቻዋን ቆማ ትበላ ይሆናል። ይቅርታ እንዴት እንደምላት ስለማመድ ነበር።

በሩን ስትከፍት ፀጉሯን ተቆርጣለች። ያምርባታል። ሳሎን ውስጥ ሦስት ሴቶች ካርታ ይጫወታሉ፤ የደረጃው ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ ሃያ ዓመት ሰላምታ ብቻ የምንለዋወጥ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ነው» አለችኝ። መስኮቱ ተከፍቷል። ያ የማይከፈተው።

መኝታ ክፍሌ ውስጥ የስፌት ጠረጴዛዋን አስገብታለች።

«እዚህ ብርሃን አለ» አለች።

«ለካ ነበረ።»

«አልተነካም አልጋሽ።»

አልተነካም፣ እውነት ነው። ተናደድኩ። ለምን? ትፈርሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልፈረሰችም፤ ይኸው ተናደድኩ። እኔ ሳለሁ ነው መስኮቱ የተዘጋው? ማን ነበር ማንን የሚዘጋው?

ነጠላ ጫማዬ ግን በሩ ሥር ነው። የተውኩት ቦታ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ዞሮ። ከሥሩ ተጠርጓል፤ አቧራ የለም።


ኖቬምበር 16

መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። ጉልበቷ ደህና ነው ዛሬ። ስለ ፔሊን አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። ስለ ቅዱስ ኒኮላም አላነሳችም። እኔም አላነሳሁ። በስም ቀን ሰው አይጠራም፤ በር ይከፈታል፣ የመጣ ይመጣል። ይህን ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ የክፍል ጓደኛዬን ስጠራ ጆሮዬን ቆንጥጣ።

ስለዚህ ነይ አላልኳትም። እሷም ልምጣ አላለችም። ሁለታችንም ሥርዓት አወቅን።


ኖቬምበር 23፣ እሑድ

ወረቀቱን ዛሬ ደግሜ አየሁት። ነፋስ፦ ይለመዳል። ሐኪም፦ አይበቃም፣ ግን እኔም አለሁ። ሻጋታ፦ በኖራ ጠፍቷል። ጥርስ፦ እስካሁን ደህና። ባህሩ፦ በየጠዋቱ ሌላ ነው፤ ዛሬ እንደ ቆርቆሮ ነበር። ባይ ስታመን ዓሣ በጨው ማስቀመጥ እያስተማሩኝ ነው። «ጨው አትቆጥቢ፣ ኪኒን አይደለም» ይሉኛል።

ዝላትካ የሚለው ቦታ ላይ ምንም አልጻፍኩም። ትኖራለች ያለ እኔ። አውቄዋለሁ። ታዲያ የቀረኝ ምንድን ነው?

የቀረኝ... እኔ ሄድኩ ማለት ከእሷ ሄድኩ ማለት እንዳይሆን ነው። ይኸው ጻፍኩት። እሷ ራሷ ከአፏ ካላወጣችው ይህን ነገር ከየትም አላገኘውም። እሷ ደግሞ ከአፏ የምታወጣው «ባዶውን መልሺ» ነው።


ዲሴምበር 4

ለስም ቀኔ ምንም አልሠራም። ወሰንኩ። ማን ያውቀኛል እዚህ? ሁለት ወር። ኬክ ገዝቼ ከባይ ስታመን ጋር እቆርሳለሁ፣ አለቀ።


ዲሴምበር 5፣ ዓርብ

ሌሊያ ቶዶርካ በአጥር ላይ፣ «ካርፕሽ ስንት ኪሎ ነው?»

«የምን ካርፕ?»

ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ የመጀመሪያዬ ነው።

«ኒኮሊና አይደለም ስምሽ? ነገ ሰዉ ሁሉ ይመጣል እኮ። በነፋሱ ቀን ኪኒን ያመጣሽላቸው አሉ፣ ያላመጣሽላቸውም አሉ።»

ሮጥኩ። የካርፕ መኪናው ረቡዕ መጥቶ ሄዷል፤ በዚህ ከተማ ካላዘዙ አይገኝም ለካ። ዓሣ ሻጩ ሳቀብኝ። «የባህር አለኝ፣ የፈለግሽውን ያህል።» እሱ የያዘው ቅርፊት የለውም። በዚህ ቀን ዓሣው ባለ ቅርፊት ነው፣ ሌላ አይቀርብም። ባህር ዳርቻ ቆሜ ዓሣ አጣሁ። ዝላትካ ብትሰማ... አትስማ።

ዝላትካ እስካሁን በሦስት ካርቶን ከላከቻቸው ጠርሙሶች ቃሪያ አውጥቼ ከባቄላ ጋር ሠራሁ፣ የገና ጾምም ስለሆነ፤ ለቅዱስ ኒኮላ የሚፈቀደው ዓሣ ብቻ ነው። ስድስት ዳቦ ገዛሁ። ማንም እንግዳ መጣ ወይ አላለኝም።


ዲሴምበር 6፣ ቅዳሜ

ሁሉንም ልጽፈው ነው፣ እጄ ቢደክምም።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ዴልቾ ደወለ። «ዕቃ አለሽ፣ ነይ ውሰጂ። ዛሬ ትንሽ ከበድ ይላል፣ ይቆጣልም።»

ይቆጣል? አልገባኝም። ሽርጤን ሳልፈታ ወጣሁ። መናኸሪያው ወንበር ላይ ዝላትካ ተቀምጣለች። አዲሱን ካፖርቷን ለብሳ፣ ጭኗ ላይ በፎጣ የታሰረ ትልቅ የመጋገሪያ ትሪ።

«ስድስት ሰዓት ሙሉ ጭኔ ላይ ነው» አለች። «ያ ሹፌር ከዕቃ ጋር ላስቀምጠው ይለኛል። የቅዱስ ኒኮላን ካርፕ። ከሻንጣ ጋር።»

«ዝላትካ...»

«እንዳልሠራሽ አውቄያለሁ። ያዢው፣ እጄ ደንዝዟል።»

ተሸክመን ሄድን፣ አንድ አንድ ጫፉን ይዘን። ካርፑ በሊጥ ተሸፍኗል፣ ሆዱ ሩዝና ዋልነት ለውዝ፣ ቅርፊቱ ከሊጥ ተሠርቷል፣ አንድ በአንድ በማንኪያ ጫፍ የተጫነ። ስንት ሰዓት ፈጅቶባት ይሆን?

በሩ ላይ ለእንግዳ የገዛሁትን ነጠላ ጫማ ሰጠኋት። አየችው። አጠለቀችው።

ከዚያ መጡ። የኪንታሮቱ ሰውዬ ከነወንድሙ። የልብ ሕመምተኛው ዓሣ አጥማጅ። ሌሊያ ቶዶርካ ትልቅ ዳቦ ታቅፈው፣ ባይ ስታመን የራኪያ አረቄ ይዘው። ወንበር አልበቃ ብሎ ከመድኃኒት ቤቱ የወረፋ አግዳሚ አወጣን። ሌሊያ ቶዶርካ ዝላትካን ከላይ እስከ ታች መርምረው፣

«እህትየዋ ነዎት? ቃሪያ የሚልኩት?»

«ከማን ሰሙ?»

«ከዴልቾ።»

ዝላትካ ዞራ አየችኝ። «እዚህ ነው የምትኖሪው?» ዓይኗ ግን ይስቅ ነበር።

ባይ ስታመን ባረኩ። ቢላውን ያዝኩ። እንደ ልማዴ፣ ሳላስብ፣ ራሱን ቆርጬ ዝላትካ ሰሃን ላይ አስቀመጥኩ።

ዝላትካ ትንሽ አየችው። ከዚያ በሹካና በማንኪያ አነሳችውና በጠረጴዛው ላይ አሻግራ እኔ ሰሃን ላይ አደረገችው።

«እኔ እዚህ እንግዳ ነኝ» አለች። ቀስ ብላ። ወዲያው ዳቦ ጠየቀች።

ማንም ልብ አላለም። ሁሉን የሚያውቁት ሌሊያ ቶዶርካ እንኳ። እኔ ግን ሰሃኔ ላይ አቀርቅሬ ቀረሁ፤ ከደስታዬ ሥር ሌላ ነገር አለ፣ ሐዘን የሚመስል። አብራኝ አትኖርም ማለት ነው። ቤቱ የእኔ ነው ማለት ነው። ሁለቱንም በአንድ ማንኪያ አሻገረችልኝ።

በላሁት። ብዙ ሥጋ የለውም ለካ። ይህን ያህል ዓመት ስቀናበት የኖርኩት... ጉንጩ ላይ ትንሽ፣ የቀረው አጥንት ነው።


ዲሴምበር 7፣ እሑድ

የዚያ ዓሣ አጥንት ቆሻሻ ላይ አይጣልም። በሶፊያ አውቶቡስ ይዘን ወንዝ ድረስ እንሄድ ነበር። እዚህ በር ከፍቶ መውረድ ነው። ጠዋት በጋዜጣ ጠቅልለን ወረድን። ነፋስ የለም። ዝላትካ ከአሮጌው የወደብ ግድግዳ ላይ ቆማ፣ ከሰሜን ምሥራቅ ነው ነፋሱ የሚመጣው አለች፣ ዛሬ ባይኖርም።

አጥንቱን እየጣለች፣ ፊቷን ሳታዞር፣

«ሁልጊዜ እጠላው ነበር፣ ታውቂያለሽ?»

«ምኑን?»

«ራሱን። ዓይኑ ያስጠላኛል። ሃያ ስድስት ዓመት።»

«ለምን ትበዪዋለሽ ታዲያ?»

«እናታችን ባለፈችበት ዓመት ሰሃኔ ላይ አስቀመጥሽው። አንቺ ነሽ ያስቀመጥሽው፣ ኒና። የሆነ ሰው መብላት ነበረበት።»

ክንዷን ያዝኩ። እንድይዘው ተወችኝ፣ ይህ ከእሷ ብዙ ነው። ራሱ ለእሷ መሆኑን ማንም አልወሰነም ብዬ ጽፌ ነበር። ወስኜ ኖሯል። እኔ።

አውቶቡሱ ላይ ስትወጣ፣ «ባዶ ጠርሙሶቼን» አለች።

«እልካለሁ።»

«በፋሲካ እመጣለሁ። ሻጋታው የነበረበት ግድግዳ ላይ ቀለም አስቀቢ፣ ቢጫ።»

«ነጭ ነው የማስቀባው።»

ልትከራከር አፏን ከፈተች። ዘጋችው። «ቤትሽ ነው» አለች፣ ገብታ ተቀመጠች።


ዲሴምበር 9፣ ማክሰኞ

ለባይ ስታመን እንደምቆይ ነገርኳቸው። ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጠው ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ደብተሩን ገፋ አድርገው ወደ እኔ አስጠጉት፣ ከዚያ የሚዛኑን ሰሃን በመሐረባቸው ወለወሉ። ብዙ ጊዜ ወለወሉ።

መሬት ላይ ያለውን ቢጫ ፕላስተር አነሳሁት።

ከሰዓት በኋላ ጠርሙሶቹን አጠብኩ። አሥራ አንድ ባዶ። በጋዜጣ ጠቅልዬ ካርቶን ውስጥ ደረደርኩ። አሥራ ሁለተኛው ሙሉ ነው፤ በጨው የተቀመጠ ዓሣ፣ በእጄ የሠራሁት፣ የመጀመሪያዬ። ክዳኑ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፣ በዚያ በማይነበበው ጽሕፈቴ፦ «ዓሣ፣ ዲሴምበር፣ ፔሊን።» ነገ ለዴልቾ እሰጠዋለሁ።

ሐሙስ ትደውላለች። ጨው በዝቶበታል ትላለች።

ትበል።